ከአራት አንድ

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አካለ ወልድ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በሰው አገርም ጥላ ይሁንዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እዚህ ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ አሽቷል፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ግን እንዳለ ነው። ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ተመስገን።

እርስዎ የአባቴ የአጎት ልጅ ሆነው ሳለ ከሠርጌ ወዲህ የጻፍኩልዎ ሁለቴ ቢሆን ነው። ችግር ሲገጥማት አስታወሰችኝ ብለው አይቀየሙኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከወገናችን ለእንዲህ ያለ ነገር የምጽፍለት ሌላ ሰው የለኝም።

ልጆቼ ዜማና አበረ ሁለቱም እንደማይሰሙ ወሬው ሳይደርስዎ አይቀርም። ዜማ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጡላት የደርቤ አባት ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ያኔ ማንም አላወቀም ነበር። አበረ አምስት ሞላው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ወሰድናቸውና ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ እኔንና ባለቤቴን ደርቤን አስቀምጦ አስረዳን። ሁለታችንም ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው የተደበቀ ነገር በደማችን ይዘን ይሆናል አለ። እኛን ምንም አላደረገንም፤ ከሁለታችንም ለአንድ ልጅ ሲደርሰው ግን ልጁ ሳይሰማ ይወለዳል። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ ማለት ነው። ዘመዳሞች ናችሁ ወይ ብሎም ጠየቀን። ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው፣ አይደለንም አልነው።

የደርቤ እናት እማማ ጥሩብርሃን ይህን አልተቀበሉም። ሁለት ወልዳ ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም፣ ነገሩ ከእሷ ነው ብለው ልጃቸው ሌላ እንዲያገባ ይዘውታል። ደርቤ እሺም እምቢም አላለም። ጥምቀት ሲያልፍ ቁርጡን እነግርሻለሁ ብሎኛል። ሰውየው ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት ለብሶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔም ደክሞኛል ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ ውዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ ትልቅ ሰው የለም።

ልመናዬ ይሄ ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት የማስተምረው ሒሳብ ነው። ከአራት አንድ የሆነ ነገር ሁለቴ ተከታትሎ ሊመጣ እንደሚችል በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው፤ እንደኛ ካሉ መቶ ባልና ሚስት ስድስቱ ላይ ይደርሳል። እማማ ጥሩብርሃን «ራሷ ጽፋ ራሷ ታነበዋለች» ብለው ሳቁብኝ። ኢንተርኔት ላይ ባይኖሚያል ካልኩሌተር የሚባል የዕድል ማስሊያ አለ፤ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። ከዚያ አሳትሜ ባመጣው ግን ያው የእኔ ወረቀት ነው። ከውጭ አገር በፖስታ የመጣ ያምናሉ። ማስሊያው ሦስት ሣጥን አለው። የሙከራ ብዛት ከሚለው ላይ 2፣ የስኬት ዕድል ከሚለው ላይ 0.25፣ የስኬት ብዛት ከሚለው ላይ 2 ብለው ይጻፉና የሚወጣውን አሳትመው ይላኩልኝ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ለሠርጋችን ቤት ሲቆጠር አምስተኛው ላይ በእኔ በኩል ኃይለ ሚካኤል፣ በደርቤ በኩል አንሙት የሚባሉ ሰዎች ተጠሩ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ስሙ ተለያይቷል ተብሎ ታለፈ። አሁን ሳስበው ሁለቱም የደብረ ወርቅ ሰዎች ናቸው፤ ኃይለ ሚካኤል ደግሞ የክርስትና ስም ይመስላል። የዓለም ስማቸው ማን ነበር? አንድ ሰው ከሆኑ ሰባት ቤት አልሞላንም፣ ቄስ ገብረ ኪዳንም የልጃቸው ነው ብለው ሕጉን አያልፉትም። እርስዎ ደብረ ወርቅ የተማሩ ስለሆኑ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።

አክባሪዎ ፀደንያ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

የአባቶቻችን አምላክ የቤትሽን ምሰሶ አያናጋው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። እዚህ በዚህ ወር ፀሐይ የምትወጣው ለይሉኝታ ያህል ነው። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሁለት ሠራተኞች ታመው የእነሱንም ሽማግሎች የማነሣው እኔ ሆኛለሁ። ሌላውን ሳነሣ ሳስቀምጥ እኔም ራሴ ሽማግሌ መሆኔን ወገቤ ይነግረኛል። የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ስለ ልጆቹ አዝኛለሁ፣ ስለ አንቺም የበለጠ።

ማስሊያሽን ፍለጋ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ልጄ ብሌን እቤት ኮምፒዩተር አላት፤ እንዳልጠይቃት ግን የእሷ አማርኛ «እሺ» እና «በላሁ» ላይ ቆሟል፣ የእኔ ስዊድንኛ ደግሞ አልጋ ከማንጠፍና ክኒን ከማደል አያልፍም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን በአንድ ቤት እንኖራለን፣ ስንገናኝ ራስ እንነቀንቃለን። ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ።

መጀመሪያ ከዕድሉ ሣጥን 25 ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ጽሑፍ አወጣብኝ። ቀጥዬ በዚህ አገር ልማድ በነጥብ ፈንታ ኮማ አድርጌ ጻፍኩ፣ አሁንም እምቢ። ዳዊት ደግሜ፣ ድጓ ቆጥሬ ያረጀሁ ሰው በአንዲት ነጥብ ስዋረድ ቆይቼ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ አስተካከለችልኝ። ወዲያው 0.0625 አለ። አንቺ በእጅሽ ያሰላሽው ነው።

ያልወደድኩት ነገር አለ። ሁለት ልጆች ደንቆሮ ሲሆኑ «የስኬት ብዛት ሁለት» ብዬ እንድጽፍ ማዘዝሽ ነው። እጄ ከብዶኝ ነበር። ሒሳብ ሠሪዎች የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ አለፍኩት።

በወረቀቱ ላይ ቦታ ስለተረፈ የሦስተኛ ልጅም አሰላሁላችሁ። ሙከራ ሦስት፣ ስኬት ሦስት ስለው 0.0156 ሰጠኝ። ቤተሰቦችሽ እንግሊዝኛውን ስለማያነቡ ከየቁጥሩ ጎን በአማርኛ ጽፌበታለሁ፤ አንዱን «ሁለት ወልደው ሁለቱም የማይሰሙ፣ ከመቶ ስድስት»፣ ሌላውን «ሦስት ወልደው ሦስቱም የማይሰሙ፣ ከመቶ አንድ ተኩል» ብዬ። በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በቁም ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። የኔታ በኩርኩም ያስተማሩኝ እጅ ገና አልጠፋም። የላክሽኝን ሥራ በደንብ እንደሠራሁት ተሰምቶኛል፤ እንዲህ ከተሰማኝ ዓመታት አልፈዋል።

ቁርጡን ስትሰሚ ጻፊልኝ።

አካለ ወልድ


ሮብ ገበያ፣ ጥር 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አካለ ወልድ፣

ድካምዎን እግዚአብሔር በጤና ይካስዎ። ወረቀቱ ጥምቀት ሳያልፍ ደረሰልኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጆቼን ደንቆሮ አይበሉብኝ፤ እዚህ ሰፈር የሚላቸው በቂ ሰው አለ። መስማት የተሳናቸው ይበሉልኝ። «ስኬት» ያልዎት ደግሞ የሚቆጠረው ነገር መጠሪያ ብቻ ነው፤ ማስሊያው ደግ ይሁን ክፉ አያውቅም። ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይህንኑ ይጠይቁኛል።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ጥምቀት ባለፈ በሰንበቱ የደርቤ አባትና እናት እኛ ቤት መጡ። ወረቀቱን ለቄስ ገብረ ኪዳን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሰክተው ቀዩን ቀለም ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ወንጌል እንደሚያነቡ አድርገው አነበቡት። ጋሼ፣ እኔ የፈለግሁት የኮምፒዩተር ወረቀት ነበር፤ እርስዎ የላኩልኝ መጽሐፍ ሆነ። ቄሱ ሲጨርሱ እማማ ጥሩብርሃን ተቀብለው ሳሙት።

የመጀመሪያው ቁጥር ሥራውን ሠርቷል። ከመቶ ስድስቱ ላይ የሚደርስ ነገር ከሆነ እኛ ላይ ቢደርስ ምን ይደንቃል አሉ ቄሱ። ችግሩ ሁለተኛው ነው። ደርቤ ሲነበብ ሰምቶ «ሦስቱም የማይሰሙ ከመቶ አንድ ተኩል ብቻ ከሆነ፣ ሦስተኛው መስማቱ አይቀርም ማለት ነው» አለ። እማማ ጥሩብርሃን እልል አሉ።

ስሕተት ነው ጋሼ። ያ ቁጥር ገና ምንም ላልወለደ ሰው ነው። እኛ ሁለቱን ወልደናል፣ አልፏል። የሚመጣው ልጅ የእኅቱንና የወንድሙን ነገር አያውቅም፤ ለእሱም ያው ከአራት አንድ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ደርቤ አየኝ። ከሐኪሙ ቤት ከወጣን ወዲህ ፊቴን አይቶ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። አፌን ዘጋሁት። እንግዶቹ ሲሄዱ የትም አልሄድም፣ ልጅ እንጨምራለን አለኝ።

ትዳሬ የቆመው ተሳስቶ በተነበበ ቁጥር ላይ ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ ተማሪ እንዲህ ሲሳሳት አርሜ እንጂ ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም። አፍሬያለሁ፣ ግን ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ተኛሁ። ምን ላድርግ?

የጠየቅሁዎትን ስም ግን ዘለውታል። ረስተው ከሆነ አሁንም እጠይቅዎታለሁ።

አክባሪዎ ፀደንያ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝና ዛሬ መልስ መጻፌ ነው፤ ከዚህ ሥራ በኋላ ብዕር ማንሳት ምን ያህል እንደሚከብደኝ ብታውቂ ነገሩ እንዴት እንደረበሸኝ ይገባሽ ነበር።

በእኔ እጅ የተጻፈ ነገር ሰው ተሳስቶበት እንዲኖር አልፈልግም፤ በቀይ ቀለም የጻፍኩት ደግሞ ይባስ። እኔ ነኝ ቦታ ተረፈ ብዬ ያልተጠየቅሁትን የጨመርኩት። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ሳልበላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ነጥቧን አሁን አውቃታለሁ። ሙከራ አንድ፣ ዕድል 0.25፣ ስኬት አንድ ስለው 0.25 አለ። አሳትሜ ከጎኑ «ከዚህ በፊት ስንትም ቢወለዱ፣ ለሚመጣው ልጅ ያው ከአራት አንድ ነው» ብዬ በጥቁር ብቻ ጻፍኩበት።

ባዘዘው የሚባል የደብረ ማርቆስ ልጅ ነገ ወደ አገር ይገባል፤ ወረቀቱን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ትምህርት ቤትሽን ስለማያውቀው ለደርቤ ወፍጮ ቤቱ እንዲያደርስለት ነግሬዋለሁ። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ነው የሚመጣው፤ ከቀደመ ራስሽ ንገሪው። ከእኔ ወረቀት ከሚሰማው ከአንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

አካለ ወልድ


ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አካለ ወልድ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፣ ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ። መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ሳይደርሰኝ የምጽፈው ስለፈራሁ ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ። ከደርቤ በቀር ማንም አያውቅም።

ምን ላድርግ ብዬዎት ነበር። አሁን የምለምንዎ ምንም እንዳያደርጉ ነው። ሌላ ወረቀት አይላኩ፣ ማስተካከያ አይጻፉ። እርስዎ ቅን ሰው ስለሆኑ ዝም እንደማይሉ ይገባኛል፤ ለእኔ ሲሉ ግን ዝም ይበሉልኝ። ልጁ እስኪወለድ ድረስ ይረፍ። እኔ ብቻዬን ብፈራ ይበቃል።

ደርቤ ተለውጧል። ማታ ሲገባ ያፏጫል። ተቀምጦ ለሆዴ ያወራል፤ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ገበያው፣ ለአቅመ አዳም ለደረሰ ልጅ የሚነገረውን ሁሉ ይነግረዋል። ዜማና አበረ አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ እነሱን አልፎ ነው የሚያወራው። ከእነሱ ጋር የምግባባበትን የእጅ ምልክት እኔና ዜማ ቀስ በቀስ ሠርተነዋል፣ አበረም ከእሷ ለምዷል፤ ደርቤ ግን ከ«ነይ» እና «ብይ» በቀር አያውቅም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩ እየጮኸ ለገበሬው ሁሉ ዋጋውንም ተራውንም በእጁ ነው የሚያስረዳው። እቤት ሲገባ እጁን ያጣጥፈዋል። ዜማ ትናንት አፉን ስታይ ስታይ ቆይታ ለማን ነው የሚያወራው ብላ ጠየቀችኝ። ለሆዴ ነው አልኳት። ለእኔስ ለምን አያወራም አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የስሙን ነገር አደራ።

አክባሪዎ ፀደንያ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

እግዚአብሔር ከነፅንስሽ ይጠብቅሽ፣ ማርያም በምጥሽ ቀን ትቁምልሽ። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። አይላኩ ስትይኝ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። ባዘዘው ለደርቤ በእጁ እንደሰጠው፣ ደርቤም ከፍቶ አንብቦ አጥፎ ኪሱ እንደከተተው፣ ሻይ እንደጋበዘውና ምንም እንዳልተናገረ ደውሎ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ከአንቺ ቃል የለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ቤትሽ ፈርሶ ከሆነ ንገሪኝ። ካልፈረሰም ንገሪኝ። ሥራ ላይ ሆኜ አንዱን ሽማግሌ ሳለብስ ሸሚዙን ገልብጬ አልብሼው ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ ሐሳቤ እናንተ ዘንድ ስለሆነ ነው።

ስለ ጠየቅሽኝ ስም። ሁለት ጊዜ ዘለልኩት፣ አሁንም እዘለዋለሁ። ቄስ ገብረ ኪዳን ራሳቸው ጽፈው ቢጠይቁኝም እዘለዋለሁ። አልዋሽም፣ የማላውቅም ሆኜ አይደለም። አስተማሪ ነሽና የቀረውን ለአንቺ መንገር አያሻኝም።

አካለ ወልድ


ሮብ ገበያ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አካለ ወልድ፣

በጭንቀት ያቆየሁዎትን አምላክ በሰላም ይመልስልዎ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት መኪናም ፖስታም ሳይገባ ሰንብቷል፤ ግን ምክንያቴ እሱ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ ሲደርሱኝ ደርቤ ወረቀቱን ከያዘ ወራት አልፈው ነበር፤ እሱም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያፏጫል፣ ለሆዴ ያወራል። ባዘዘው ዋሽቶ ይሆን፣ ወይስ ደርቤ አንብቦ አልገባው ይሆን እያልኩ ፊቱን ሳጠና ከረምኩ። እርጉዝ ሆኖ እንዲህ መኖር አድካሚ ነው።

በሐምሌ መጨረሻ የወፍጮው ሞተር ተበላሸ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ቤቱ ጭር ብሏል፣ እሱ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጧል። ያን ቤት ያለ ጩኸት አይቼው አላውቅም። ምሳውን አልተቀበለኝም።

«ከአራት አንድ ነው አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

«ያን ቀን አባቴ ሲያነብ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አለኝ። ወረቀቱን ሞተሩ ሲጮኽ እያወጣ ደጋግሞ አንብቦታል። ታዲያ ስታፏጭ የከረምከው ለምንድን ነው ስለው፣ አንቺ እንድታርፊ ነው አለኝ። እኔም ዝም ያልኩት አንተ እንድታርፍ ነበር አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩና አላቆም አለኝ፤ እሱም አላባበለኝም፣ ጎኔ ተቀመጠ። በዚህ ዓመት እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ስንነሣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ዜማ እኔን ስትጠራ ምልክቷ ምንድን ነው?» አለኝ። አሳየሁት፤ ሁለት ጣቷን ቅንድቧ ላይ አሳልፋ ዱቄት ታራግፋለች። ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጁ በምን እንደምትጠራው አያውቅም ነበር። ቅንድቡን ነካ አድርጎ ጣቱን አየ። የሚመጣው እንደነሱ ከሆነ አሁንስ ልወቅበት አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ዜማ ታስተምረዋለች። ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይረሳል። ስትቆጣው ደስ ይለኛል።

አባትና እናቱ አሁንም በቀዩ ወረቀት ነው የሚኖሩት፤ እማማ ጥሩብርሃን ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። እኛም አልነካነውም። ስለ ስሙ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም። መልስዎ ደርሶኛል። ቄስ ገብረ ኪዳንም አንድ ቀን ሳንጠይቃቸው «ቤቱን የሞቱት ቆጥረውታል፣ እኔ አልደግመውም» ብለዋል። የሙታንን ስም በየክርስትና ስማቸው ሲያነሡ የኖሩ ቄስ ናቸው፤ ያውቁ እንደሆን አላውቅም።

መውለጃዬ በጥቅምት ነው። ይጸልዩልኝ።

አክባሪዎ ፀደንያ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣

ይህ ሲደርስሽ ተገላግለሽ ይሆናል፤ ማርያም እንኳን ማረችሽ ልበልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ቁጭ አልኩ፣ ሥራም ረፈደብኝ።

ባለፈው እሑድ ብሌንን ጠራኋትና ማስሊያውን በእሷ ኮምፒዩተር እንድትከፍትልኝ አመለከትኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለችኝ ስዊድንኛ፣ በጣቴም በወረቀትም ጨምሬ፣ ስለ አንቺና ስለ ልጆችሽ ነገርኳት። ብዙ ፈጀብኝ፣ አልሸሸችም። ሙከራ አንድ፣ ስኬት አንድ ብላ ጻፈች፤ ያው 0.25 ነው። ደግማ ጻፈችው፣ ደግሞ ያንኑ አለ። እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ ማሽኑ ግን አልጨመረም አልቀነሰም። ከዚያ ቁጭ ብለን እራት በላን። የልጆችሽን ስም ጻፍልኝ ብላኝ በፊደል ጻፍኩላት።

የምልክልሽ ሌላ ወረቀት የለኝም። የሆነውን ብቻ ጻፊልኝ።

አካለ ወልድ


ሮብ ገበያ፣ ጥር 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አካለ ወልድ፣

የጥምቀቱ በረከት እርስዎንም ብሌንንም ይድረሳችሁ። በጥቅምት መጨረሻ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ቀድሜ ያልጻፍኩልዎ እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ነው። እናት ሆኖ ከኋላ ማጨብጨብ፣ ሳህን መጣል፣ ከዚያም ዓይኑ ዞረ አልዞረ ብሎ ማየት እንዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ ከዜማም ከአበረም ጋር አድርጌዋለሁ። ይህችኛዋ ትዞር ነበር፣ እኔ ግን አላመንኩም።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ መቅዲ እንላታለን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮው ሲመታ ደርቤ ይዟት ነበር። ደንግጣ መላ ሰውነቷ ተነሣና አለቀሰች። እማማ ጥሩብርሃን እልልታውን ለቀቁት፣ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደርቤ ፊቱን ልጅቷ ልብስ ውስጥ ደበቀ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ከእርስዎ አልደብቅም። ወረቀቱ እውነት ተናገረ ብለው እማማ ጥሩብርሃን ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ማንም አላረማቸውም።

ለክርስትናው የተዘጋጀ ድግስ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ቄስ ገብረ ኪዳን ከበረታቸው ሌላ በግ አስመጥተው ግቢው ውስጥ አሳረዱ፤ ትሰማለችና ይህ የእሷ ነው አሉ። ሰው ሁሉ መረቃቸው። ዜማና አበረ በሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ዜማ የቀኑን ነገር ስትከታተል ነው የዋለችው፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ሰዉ ጆሮውን እየነካ ወደ ሕፃኗ እንደሚያሳይ ሁሉ አይታለች።

መጥታ የአባቷን ነጠላ ጎተተችና ሁለተኛው በግ ለምን እንደታረደ በእጇ ጠየቀችው። ደርቤ አሁን ይህን ያህል ይገባዋል። ጆሮውን ነክቶ ወደ መቅዲ አሳያት። ዜማ በጉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመልሳ «ባትሰማ ኖሮስ?» አለችው።

ደርቤ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ። ገብቶት ነበር።

«የጠየቀችው አንተን ነው» አልኩት።

ሰዉ እየበላ ነው፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ አንዱ ደርቤ ና ብሎ ይጣራል። እሱ በአዲስ ልብሱ መሬት ላይ ፊቷ ተንበረከከ። እጁን አነሣ፣ አወረደ። እኔ ብሆን እዋሻት ነበር። ለአንቺም ይታረድ ነበር እላት ነበር። እሱ ግን በእጁ «አላውቅም» አላት።

 ዜማ ሁለቱን እጆቹን ያዘችና መዳፎቹን ገልብጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ ምልክቱን ተሳስቶ ነበር። እንደገና እንዲለው ጠበቀችው። ደገመላት።

ፀደንያ